ጉልበት የጨመራችሁለትን መኪና ከትራክሽን ኮንትሮሉ ጋር ማስታረቅ

ባለፈው ነሐሴ፣ ካፊያው ሳያባራ፣ አንድ ሃይሉክስ መጥቶ ጋራዣችን በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ «እህቴ፣ በአላህ ይቺን የምትብለጨለጭ መብራት ንቀይልኝ፤ ሐረጎ ላይ ልታስጨርሰኝ ነበር» አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ጉልበት አስጨምሮበታል። ዳገቱን ሲይዝ መኪናው ይበራል። እርጥቡ ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ሞተሩ ትን እንዳለው ሰው ይቆራረጣል፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ጭነት የያዘ ኤፍኤስአር ከኋላው ጥሩምባውን ይነፋበታል።

«አብሽር፣ እናየዋለን» አልኩት። መብራቷ የትራክሽን ኮንትሮል፣ ጎማ ሲንሸራተት የሚይዘው ሲስተም፣ መብራት ናት፤ አልነቀልኳትም። የመኪና ኤሌትሪክ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው፤ ጋራዣችን ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ስለሆነ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ እመላለስበታለሁ። ጉልበት ተጨምሮላቸው በዚህች መብራት ሰበብ እኔ ዘንድ ከመጡት መኪኖች ውስጥ ጥፋቱ የመብራቷ የሆነበትን አላስታውስም። ጉልበቱ ሲጨመር አብሮ መስተካከል የነበረበት ነገር ተረስቶ ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ምን ማየት እንዳለባችሁ፣ ከምን እንደምትጀምሩ፣ ሲያልቅም እንዴት እንደምትሞክሩት እዚህ አሰፍርላችኋለሁ።

ጉልበት በመፈለጋችሁ አልወቅሳችሁም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋው) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። ፋብሪካው 100 ፈረስ ጉልበት ብሎ የሸጠው መኪና ደሴ ፒያሳ ላይ 75 ገደማ ይዞ ነው የሚውለው። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዞ እሷኑ ማበርታት ነው የሚፈልገው። ይገባኛል።

መብራቷ የምትለው

መጀመሪያ መኪናችሁ ትራክሽን ኮንትሮል ያለው መሆኑን እወቁ። ብዙ የቆዩ ቪትዞችና ኮሮላዎች ያላቸው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ብቻ ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ያላት የመኪና ምስል ዳሽቦርዱ ላይ በርታ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች ወይ መኪናው የለውም፣ ወይ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው አጥፍቷታል። ሁለተኛው ከሆነ ከዚያ ጀምሩ።

ቀጥሎ ይህን ለዩ። እየነዳችሁ መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ሥራ ላይ ናት፤ ጎማ ሲንሸራተት አግኝታ እየያዘችው ነው። ሳትብለጨለጭ በርታ ከቀረች ግን ሥራ አቁማለች ማለት ነው። ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ የምትሠራውን «ተበላሸች» ብሎ ሊያስነቅል ይመጣል፣ ያቆመችውን ደግሞ «ምንም አትል» ብሎ ይነዳል።

ቶዮታ ላይ ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘብ ያወጣበት አንድ ነገር አለ። የሞተሩ መብራት፣ «ቼክ ኢንጂን» የምንላት፣ ከበራች የቪኤስሲ (መኪናው ሲታጠፍ ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚይዘው ሲስተም) እና የትራክሽን መብራቶችም ተከትለዋት ይበራሉ። ትራክሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሞተሩ ጤነኛ ካልሆነ ጉልበቱን ቀንስልኝ ብሎ ሊያዘው ስለማይችል ራሱን ያገላል። ስካን ስታደርጉ፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር በስካነር ስታነቡ፣ ኤቢኤሱ ውስጥ ሲ1201 የሚል ኮድ ይወጣል፤ ጥፋቱ ያለው ሞተሩ ጋ ነው፣ እዚያ እዩ ማለት ነው። ጉልበት ከተጨመረ በኋላ ሞተሩ ውስጥ የማገኛቸው ኮዶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታወቁ ናቸው፤ ቱርቦው ከልክ በላይ ሲነፋ ፒ0234፣ ሲያንሰው ፒ0299፣ የናፍጣው ግፊት ሲወርድ ፒ0087፣ ሲበዛ ፒ0088። ሞተሩ ሲስተካከል ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ሞተሩን ሳያዩ የኤቢኤስ ፓምፕ ቀይሩ የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ትራክሽን ኮንትሮል መንገድ አያይም

አባቴ በፊያት ከነተሳቢው በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። ያ መኪና እንኳን ትራክሽን ኤቢኤስም የለውም። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር በመቀመጫው ይሰማዋል፣ እግሩን ያላላል። መንገዱን ያያል፤ ጭቃውን፣ የፈሰሰውን ናፍጣ፣ ጉሙን ያያል። ትራክሽን ኮንትሮል ግን መንገድ አያይም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አራቱ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በምን ፍጥነት እንደሚዞሩ፣ እና ሞተሩ አሁን ምን ያህል ጉልበት እየሰጠ እንደሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግረውን። በሁለቱ ላይ እውነት ከነገራችሁት ያድናችኋል። ከዋሻችሁት በውሸቱ ላይ ተመሥርቶ ይፈርዳል።

የጎማውን ፍጥነት የሚያነቡት እያንዳንዱ ጎማ ላይ ያሉት የኤቢኤስ ሴንሰሮች ናቸው። ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከማያዞራቸው በልጠው ከተገኙ ተንሸራተቱ ማለት ነው። ትንሽ መንሸራተት ግን ጉዳት የለውም። እንዲያውም ጎማ በደረቅ አስፋልት አጥብቆ የሚነክሰው ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ አብልጦ ሲዞር ነው። ከዚያ ሲያልፍ መንከሱን ትቶ መፍጨት ይጀምራል። ስለዚህ ሲስተሙ ትንሽ ይታገሳል፣ ልኩ ሲታለፍ ይገባል።

ሲገባ ሁለት እጅ አለው። አንደኛው ሞተሩን ማዳከም ነው፤ ቤንዚን ላይ የአየር መግቢያውን ያጠባል፣ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ካስፈለገም ነዳጁን ይቆርጣል፤ ናፍጣ ላይ የሚረጨውን ይቀንሳል። ሁለተኛው ፍሬን ነው። የሚፈጨውን ጎማ ብቻ ነጥሎ ይይዘዋል፤ ያኔ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ወደ ሌላኛው ጎማ ለመስጠት ይገደዳል። አንድ ጎማችሁ ጭቃ ውስጥ፣ ሌላው ደረቅ ላይ ሆኖ መኪናው ተጎትቶ የሚወጣው በዚህ ነው።

ፋብሪካው ይህን ሁሉ የለካው በፋብሪካው ሞተር፣ በፋብሪካው ጎማ ነው። እናንተ አንዱን ስትነኩ ልኩ ይፋለሳል።

የሃይሉክሱ ነገር፦ ጎማው

ወደ ሃይሉክሱ ልመለስ። ስካነሩን ከመሰካቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹ ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን አነበብኩ። ሁሌም እንደዚህ አድርጉ፤ ገንዘብ አይፈጅም። የፊቶቹ አዲስ 265/70 አር 17፤ የኋላዎቹ የተበሉ 265/65 አር 17። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ሒሳቡ ግን ይናገራል። 265/65 አር 17 አዲስ ሆኖ ከላይ እስከ ታች 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 265/70ው 803 ገደማ። የኋላው ጥርስ ተበልቶ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቀንሶ 766 ገደማ ቀርቷል። ትንሽ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ መዞር አለበት። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የኋላው ከፊቱ 20 ዙር ያህል ይበልጣል፤ 5 በመቶ ገደማ።

አሁን በሴንሰሮቹ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ሃይሉክስ 4 በ4 ካልገባ የሚገፋው ከኋላ ነው። ሹፌሩ ነዳጁን ሳይረግጥ እንኳ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሁልጊዜ እየተንሸራተቱ ይመስላሉ። የትዕግሥቱ ግማሽ ገና ሳይነሳ አልቋል። እርጥብ ኩርባ ላይ ትንሽ እውነተኛ መንሸራተት ሲጨመርበት ወዲያው ይቆርጣል።

ተቃራኒውም ክፉ ነው። ትልቁን ጎማ ከኋላ ብታደርጉት ኋላው ቀርፋፋ መስሎ ይታያል፤ በእውነት ሲንሸራተት ሲስተሙ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ይኼኛው መብራት ስለማያበዛ ሰው ደህና ነው ይላል፤ እኔ ግን ከፊተኛው ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ፣ ምክንያቱም ዝምታው ያሳስታል።

መለኪያው ቀላል ነው። ንፋሱን በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሙሉ። ሜዳ ቦታ ፈልጉ (ኮምቦልቻ ችግር የለም፣ ደሴ ላይ ግን ትንሽ መዞር ይኖርባችኋል)። በጠመኔ ጎማውን መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ አስምሩ፣ መሬቱንም በዚያው አስምሩ። መኪናውን በቀስታ ግፉት፣ ጎማው አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ መስመሩ መሬት ሲነካ እንደገና መሬቱን አስምሩ፣ በሜትር ለኩ። አራቱንም እንዲሁ። 265/65ው ወደ 2 ሜትር ከ40፣ 265/70ው ወደ 2 ሜትር ከ50 ይሰጣችኋል፤ ክብደት ስለሚጫነው ትንሽ ሊያንስ ይችላል። አራቱ በአንድ በመቶ ውስጥ፣ ማለትም በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት ውስጥ፣ ከተቀራረቡ ጥሩ ነው። ከዚያ ከሰፋ ጎማ ሳታስተካክሉ ጉልበት አታስጨምሩ።

አራቱንም አንድ ላይ ማሳደግስ? ለንጽጽሩ ችግር የለውም፣ ምክንያቱም ልዩነት አይፈጠርም። ግን የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል፤ 285/70 አር 17 ብታስገቡ ልዩነቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። ማርሹም ይከብዳል፤ የጨመራችሁት ጉልበት ከፊሉ እዚያው ያልቃል።

ሹፌሩ ጎማውን አስተካክሎ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ደረቅ ላይ መብራቷ ዝም ብላለች። እርጥብ ዳገት ላይ መቆራረጡ ግን ቀንሶ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛው ውሸት ገና ነበር።

የተዛባው ሚዛን

ኮፈኑን ስከፍት ከባትሪው አጠገብ በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረች ጥቁር ሳጥን አገኘሁ። ሽቦዋ የናፍጣ ግፊት የሚለካው ሴንሰርና የሞተሩ ኮምፒውተር መካከል ገብቷል። ሥራዋ ቀላል ነው። ሴንሰሩ የሚልከውን ምልክት ዝቅ አድርጋ ታስተላልፋለች፤ ኮምፒውተሩ ግፊቱ አነሰ ብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ኢንጀክተሩ በተከፈተበት በዚያው ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተሩ ካሰበው በላይ ናፍጣ ይረጫል። ጉልበት ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። ርካሽ ነው፣ ተነቅሎም ይወጣል። ግን ኮምፒውተሩ አያውቀውም።

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴ አስቡ። አንድ ኪሎ ሩብ ሲጭን አንድ ኪሎ ያሳያል። «ቀንስና ግማሽ ኪሎ አድርገው» ስትሉት ሚዛኑ ግማሽ እስኪያሳይ ይቀንሳል፤ እውነተኛው ግን ከ600 ግራም በላይ ነው። ትራክሽን ኮንትሮልም እንዲሁ ነው የሚያዘው። ዛሬ ያሉት መኪኖች ላይ ትራክሽኑ «ትንሽ ቀንስ» አይልም፤ በቁጥር ነው የሚጠይቀው። ለምሳሌ ሞተሩ 300 ኒውተን ሜትር እየሰጠሁ ነው ይላል፣ በሳጥኗ ምክንያት እውነቱ 375 ነው። ጎማው እርጥቡ ላይ የሚችለው 170 ይሁን። ትራክሽኑ «160 አድርገው» ሲለው ኮምፒውተሩ ታዞ 160 ያደርገዋል፤ ጎማው ላይ የደረሰው ግን 200 ነው። ስለዚህ ጎማው መፍጨቱን አላቆመም። ትራክሽኑ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይቀንሳል፣ ከሚገባው በላይ ይወርዳል፣ ጎማው በድንገት ይነክሳል፣ ትራክሽኑ ይለቃል፣ ጉልበቱ ዘሎ ይመጣል፣ እንደገና ይፈጫል። መጀመሪያ ሞተሩ ትን እንዳለው ሰው ይቆራረጣል ያልኩት ይህ ነው።

በቱርቦ መኪና ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ቤንዚን ሞተር ላይ የአየር መግቢያው ቢዘጋም ቱርቦው የነፋው አየር ለቅጽበት ውስጥ ይቆያል፣ ሞተሩም መግፋቱን አያቆምም። ያን ለማብረድ እሳቱ ሲዘገይ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል። ይህ አልፎ አልፎ ሲሆን ምንም አይደለም፤ በየኩርባው ሲሆን የጭስ ማጣሪያውን ያቃጥላል።

መፍትሔው ጉልበቱን በፕሮግራም መጨመር ነው፤ ያውም በትክክል ሲሠራ። የሞተሩን ፕሮግራም የሚለውጥላችሁን ባለሙያ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነካ ቀድቶ ለእናንተ ይሰጣችኋል? ነዳጁንና ቱርቦውን ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ወይስ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን የሚያሰላበትን ሰንጠረዥ፣ ቶርክ ሞዴል የሚሉትን፣ አብሮ ያስተካክላል? አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጉልበቱን ገድቦ ከሦስተኛ ጀምሮ ሊለቀው ይችላል? ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሦስተኛው ለሐረጎ ዓይነት መንገድ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎማ የሚፈጨው በዝቅተኛ ማርሽ ስለሆነ፣ እዚያ ጉልበት መጨመር ለትራክሽኑ ሥራ መጨመር ብቻ ነው። ሳጥኗ ይህን አትችልም፤ በየትኛው ማርሽ እንዳላችሁ አታውቅም።

ሳጥኗን ነቅዬ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ እስከ ሐረጎ አጋማሽ አብረን ወጣን። አስፋልቱ ረጥቦ ነበር። አንድ ኩርባ ላይ መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች፣ ሞተሩ ለስለስ ብሎ ወረደ፣ ለስለስ ብሎ ተመለሰ።

ጉልበት ከመጨመሩ በፊት የሚታይ ሌላው ነገር

ሴንሰሮቹን በስካነር በቀጥታ አንብቡ። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ስክሪኑን ይይ። በቀጥታ መንገድ በ20፣ ከዚያ በ40 አራቱ ቁጥሮች አብረው መሄድ አለባቸው። አንዱ እየዘለለ ወደ ዜሮ ከወደቀ ሴንሰሩ ላይ የብረት ብናኝ ተሰብስቧል፣ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፣ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ተላልቶ ርቀቱን እያዛባ ነው። ክረምት ላይ ከገጠር የሚመጡ መኪኖች ሴንሰር ላይ የደረቀ ጭቃ ጠርጌ ብቻ የፈታሁት ብዙ ነው። ቶዮታ ላይ ሲ0200 የፊት ቀኝ፣ ሲ0205 የፊት ግራ፣ ሲ0210 የኋላ ቀኝ፣ ሲ0215 የኋላ ግራ ሴንሰር ናቸው፤ ኮዱን ጻፉት፣ ትክክለኛውን ጎማ ፍቱ።

መኪናውን ከፍ አስደርጋችሁ ወይም መሪውን አስተካክላችሁ ከሆነ የመሪውና የመኪናው መዞር የሚለካባቸው ሴንሰሮች ሜዳ ላይ በስካነር እንደ አዲስ ዜሮ መደረግ አለባቸው። ካልሆነ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ እየታጠፋችሁ ነው ብሎ ይገባባችኋል።

ፍሬን። ብዙ ሰው ትራክሽን ፍሬን እንደሚጠቀም ስለማያውቅ ይህን ይዘለዋል። ጉልበት በጨመራችሁ ቁጥር የሚፈጨውን ጎማ ለመያዝ ፍሬኑ አብዝቶ ይለፋል፣ ይግላል። ሲስተሙ ከልክ በላይ እንደጋለ ሲያሰላ ለጊዜው ፍሬኑን መጠቀም ያቆማል። ቀጥሎ ቁልቁለት ከሆነ ያ የጋለ ፍሬን ነው የሚጠብቃችሁ። ሸራው ካለቀ ቀይሩ፣ የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት ካለፈ ቀይሩት።

ፍሪሲዮንንም አትርሱ። የጨመራችሁትን ጉልበት የድሮው ፍሪሲዮን ላይችለው ይችላል፤ ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ደግሞ ጎማ ላይ ምንም ስለማይታይ ትራክሽኑ አያውቀውም። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ስትረግጡት የሞተሩ ዙር ዘሎ ከወጣ፣ መኪናው ካልተከተለው፣ መብራቷም ዝም ካለች፣ ችግሩ እዚያ ነው።

ሙከራው

ሐረጎ ላይ አትሞክሩ። ኩርባው ዕውር ነው፣ ከባድ መኪናው ብዙ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ኮፈናችሁን ራሱን አታዩም። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ሰውም ከብትም የሌለበት ሰፊ ኮረኮንች ሜዳ ፈልጉ፣ ከዝናብ በኋላ፣ በጠዋት። ሰው አትጫኑ።

በሁለተኛ ማርሽ በ20 እየሄዳችሁ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ነዳጁን ግማሽ ርገጡ። ከዚያ ሦስት አራተኛ። በመጨረሻ ሙሉውን። በየደረጃው መብራቷንና የሞተሩን ዙር አብራችሁ እዩ፣ ጆሯችሁንም ክፈቱ። ጤነኛው መብራቷ ሲብለጨለጭ ዙሩ ለስላሳ ወርዶ መኪናው ግን መጎተቱን ሲቀጥል ነው። መኪናው እንደሚያስነጥስ ሰው እየነቀነቀ ከሄደ የጉልበት ሒሳቡ ውሸት ነው፤ ወደ ፕሮግራም ሠሪው ተመለሱ። ጎማው ከጮኸ፣ ድንጋይ ከረጨ በኋላ ነው መብራቷ የምትመጣው? የፊትና የኋላ ጎማ ልኬቱን ደግማችሁ እዩ፤ ያ ትክክል ከሆነ ጉልበቱ የሚመጣው ሲስተሙ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ፈጥኖ ነው፣ ቀስ ብሎ እንዲመጣ አስደርጉ። ነዳጅ ሳትረግጡ የምትብለጨለጭ ከሆነ ሴንሰር ወይም ጎማ ነው።

«4 በ4 አስገባለትና ተገላገል» የሚል ምክርም እሰማለሁ። ሃይሉክስ መሐል ላይ ዲፈረንሻል የለውም፤ 4 በ4 አስገብታችሁ አስፋልት ላይ ጠባብ ኩርባ ስትዞሩ የፊቱና የኋላው እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ካምቢዮው ይጎዳል፣ ጎማው ይበላል። ለጭቃና ለኮረኮንች ነው የተሠራው። የኋላ ዲፈረንሻሉን የሚቆልፈውን ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ ትራክሽኑና ቪኤስሲው ይቆማሉ፤ ከጭቃው ስትወጡ መፍታት አትርሱ።

ትራክሽኑን ማጥፋት የሚገባበት ጊዜ አለ። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ስትገቡ ወይም ቦርከና ዳር አሸዋ ሲይዛችሁ ጎማው ትንሽ ፈጭቶ ራሱን ማጽዳት አለበት፤ ትራክሽኑ ግን ሞተሩን እየገደለ እዚያው ያስቀራችኋል። ብዙ ቶዮታ ላይ የትራክሽኑን ማጥፊያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ ትራክሽኑን ብቻ ያጠፋል፣ ፍጥነት ስትጨምሩም ራሱ ይመለሳል። ቆማችሁ ከሦስት ሰከንድ በላይ ተጭናችሁ ከያዛችሁት ግን ቪኤስሲውም አብሮ ይጠፋል፣ እሱ ደግሞ በፍጥነት አይመለስም። ለጭቃ የመጀመሪያው ይበቃል።

ሴንሰር መንቀል ግን ፈጽሞ አይደለም። ይህን የምለው አድርጌው ስለማውቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ ለምኖኝ የፒካፑን አንድ የጎማ ሴንሰር ሶኬት ነቅዬ ሰጠሁት። ዝም አለለት፣ አመሰገነኝ። አንዱ ሴንሰር ሲነቀል ኤቢኤሱም አብሮ እንደሚሞት አውቅ ነበር፤ በደንብ አላስረዳሁትም። ከሳምንት በኋላ በዝናብ ገራዶ አካባቢ ከፊቱ በግ ገብቶበት ፍሬን ሲይዝ አራቱም ጎማ ተቆልፎ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ እንደነበር ሲነግረኝ ግን ያደረብኝ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ መብራት ንቀዪልኝ የሚለኝን ሁሉ አስቀምጬ ይህን ነው የማስረዳው።

ቆላ ስትወርዱ

እዚህ ደጋ ላይ ሞክራችሁ የጨረሳችሁት መኪና ሚሌ ሲወርድ ሌላ መኪና ይሆናል። በተለይ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ሲወፍርለት ደሴ ላይ ያጣውን ጉልበት መልሶ ያገኛል። እዚህ ሙሉ ረግጣችሁት መብራቷ ያልበራችበት መኪና እዚያ አሸዋ በተበተነበት አስፋልት ላይ በግማሽ እርግጫ ሊያበራት ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ባቲን አልፋችሁ ሜዳው ሲጀምር፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ያን የሁለተኛ ማርሽ ሙከራ በግማሽ እርግጫ አንድ ጊዜ ድገሙትና እግራችሁን ከአዲሱ ጉልበት ጋር አስተዋውቁት። ቱርቦ ያለው ከሆነ በተቃራኒው የሚያስፈራኝ ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ የሳሳውን አየር ለማካካስ ቱርቦው ይበልጥ ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ፕሮግራሙ ቆላ ላይ ተለክቶ ከሆነ ደሴ ላይ ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠራላችሁን ሰው መኪናው የሚውልበትን ከፍታ ንገሩት፤ እሱ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

የሃይሉክሱ ባለቤት በኋላ ፕሮግራሙን በሦስቱ ጥያቄዎች መርጦ አሠርቷል፤ አንደኛና ሁለተኛ ማርሹ ተገድቦለታል። በየሰኞው ባቲ ገበያ ይመላለሳል። የኋላና የፊት ጎማው እኩል እንዲበላ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲያቀያይረው የሚቀጥለውን ቁጥር በማርከር ኮፈኑ ውስጥ ጽፌለታለሁ፤ ጠመኔውንም ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ።